አፍ ለመብላት ብቻ

እ.ኤ.አ. በ1948 የማክዶናልድ ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ የነበረውን ምግብ ቤታቸውን ለጥቂት ወራት ዘጉ። ደንበኛው መኪና ድረስ ምግብ የሚያመላልሱትን አስተናጋጆች አሰናበቱ፤ የምግቡን ዝርዝር ወደ 9 ዓይነት አወረዱ፤ ሀምበርገሩንም በ15 ሳንቲም መሸጥ ጀመሩ። ደንበኛው መስኮቱ ጋ ቆሞ «አንድ» ይላል፤ አንድ ይሰጠዋል። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነበር!

ዛሬ ሥልጣኔ ገብቷል። የራበው ሰው በቅድሚያ መተግበሪያ ያወርዳል። ኢሜይሉን ይሰጣል፣ የይለፍ ቃል ይፈጥራል፣ ምልክትና ቁጥር ጎድሎታል ተብሎ ይመለሳል፣ በስልኩ የተላከለትን ኮድ ያስገባል፣ የቆመበትን ቦታ ያሳውቃል። የልደት ቀኑንም ይናገራል፤ ድንች ጥብሱ ለማን እንደሚሸጥ መታወቅ አለበታ! ይህን ሁሉ የሚያደርገው ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ገንዘብ ተቀባዩም ሥርዓት ያውቃልና ጣልቃ አይገባም።

መናገር ለሚወዱም ታስቦላቸዋል። ማክዶናልድ ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ከ100 በላይ በሆኑ የአሜሪካ ቅርንጫፎቹ ትእዛዝ የሚቀበል ማሽን ሞከረ። ማሽኑ አይስክሬም ላይ ቤከን የጨመረበት ቪዲዮ ብዙ ሰው አየው፤ የምግብ ጥበብ በዚህ መልክ ሲያድግ ሳለ ኩባንያው በ2024 ሙከራውን አቆመ።

ታኮ ቤል የተባለው ሌላው የፈጣን ምግብ ድርጅት ግን እንዲህ ያለ ማሽን ከ500 በሚበልጡ ቤቶቹ ተከለ። በ2025 አንድ ደንበኛ 18,000 ኩባያ ውሃ ሲያዝ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። ሰው ቢሆን ኖሮ «ለሠርግ ነው?» እያለ ወረፋውን ያጓትት ነበር።

የታኮ ቤል የቴክኖሎጂ ኃላፊም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ትእዛዙን ሰው ቢቀበል ሊሻል እንደሚችል ተናገሩ።