ስልሳዎቹ የማን ናቸው?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስለ ሙዚቃ ቁም ነገር ማውራት የሚቻለው በእኛ አቆጣጠር ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ጫት ጠባቂ ነው። ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ ከተከፋፈለ በኋላ ግን በሙቀት ተዘርሮ የዋለው ከተማ ድንገት ይነቃል፤ ቀይ ባሕርን ያስተዳድራል፣ የዓለም ዋንጫ ያከፋፍላል፣ ባንድ ከባንድ ያወዳድራል።

ክርክሩን የጀመረው የሰፈሬ ልጅ ነው። እናቱ የድሬዳዋ ሰው ናት፣ አባቱ የዚሁ አገር ተወላጅ። አማርኛውን ከፈረንሳይኛ እያቀላቀለ ይናገራል፤ ቢትልስን ግን ሳያቀላቅል ያመልካል። «እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያ አልበማቸውን አብዛኛውን በአንድ ቀን ቀዱት» አለን። «በ1966 ቴፕ ወደ ኋላ እያስኬዱ ይቀዱ ነበር። በ1967 ሰርጀንት ፔፐር! በአራት ዓመት ሌላ ሰው ሆኑ። የእናንተ የስልሳዎቹ ባንድ ማነው? አልበሞቹን በተራ ንገሩኝ።»

ጋሼ ሳቁ። ጋሼ የቦቴ ሹፌር ናቸው፤ መኪናቸውን ዶራሌ ወደብ ወረፋ አስይዘው ለምሳ ሜኔሊክ አደባባይ አካባቢ ብቅ ይላሉ። «በየትኛው ስልሳ?» አሉት።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የእኛ ስልሳዎቹ የገቡት ሰርጀንት ፔፐር ከወጣ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ፣ በመስከረም 1960 ነው። የወጡት ደግሞ ፈረንጅ 1977 ሲል ነው። የጅቡቲ ነፃነት ራሱ ሰኔ 20 ቀን 1969 ስለዋለ፣ በእኛ ሂሳብ ይህች አገር የስልሳዎቹ ልጅ ናት። አደባባዩም በወረቀት «27 ጁን 1977» ይባላል፤ ታክሲ የያዘ ሰው ግን ሜኔሊክ ነው የሚለው።

«ሮሃ» አሉ ጋሼ። «በመጀመሪያ ሶል ኤኮስ፣ ከዚያ አይቤክስ፣ ከዚያ ሮሃ። ጻፍ!»

ልጁ ስልኩን አወጣ። «የመጀመሪያው አልበም?»

«ማህሙድ አህመድ።»

«እሺ፣ ሁለተኛው?»

«አስቴር አወቀ። ደግሞ ጥላሁን አለ። ነዋይ ደበበንም ጻፍ።»

«ጋሼ፣ እነዚህ ዘፋኞች ናቸው። እኔ የጠየቅሁት ባንድ ነው።»

እንግዲህ ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ቢትልስ ሲለወጡ ሽፋኑ ይናገራል፤ ጢም ሲያበቅሉ እንኳ አልበሙ ላይ ይታያል። የእኛ ሰዎች የተለወጡት በሌላ ሰው ፎቶ ጀርባ ሆነው ነው። ሮሃና ቀዳሚው አይቤክስ ያጀቧቸው አልበሞች ከ250 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፊት ሙሉ ነው፤ የባንዱ ስም ካለም በመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ፊደል ነው የሚጻፈው። በአይቤክስ ጊዜ ያለ ዘፋኝ የቀዱት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። ግን አንድ ዛፍ ደን አይሆንም።

ጅቡቲዎች በዚህ ይበልጡናል። «ካትር ማርስ» (በፈረንሳይኛ ማርች 4) የተባለው የፓርቲ ባንድ ስሙን ያገኘው ፓርቲው ከተመሠረተበት ቀን ነው። የሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ባንድ ግሩፕ ኤርቴዴም እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ገበያ ሲወጣ በራሱ ስም ነው የወጣው። ዘፋኞቹ ውስጥ ናቸው፣ ባንዱ ደጅ። እኛ ዘንድ ዘፋኙ ደጅ፣ ባንዱ ጓዳ።

ጋሼ ግን ሽፋን አያስፈልጋቸውም። ፍላሽ ሰክተው ዘፈን ከፈቱና በአውራ ጣታቸው ጠረጴዛውን መምታት ጀመሩ። ዘፋኙን አይደለም የሚከተሉት፤ የባንዱን ሰው የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ነው። «ይኼ ኤረ መላ መላ ነው፣ በፈረንጅ 1975፣ አይቤክስ። ቤዙ ከፊት ይሄዳል፣ የፈቃደ አምደመስቀል ሳክስፎን ከኋላ ያለቅሳል። ሶል ኤኮስ ጊዜ እኮ የአሜሪካኑ ሶል ገና ከላያቸው አልለቀቀም ነበር። እዚህ ላይ ለቀቃቸው።» ሌላ ከፈቱ። «ይሄ ሮሃ ነው። ችክችካው ጠበቀ፣ የሰላም ስዩም ጊታር ቀጠነ። ኪቦርድ ሲመጣ የትንፋሽ መሣሪያው ሳሳ።»

«ለምን ተለወጡ?» አለ ልጁ። «መድኃኒት ወሰዱ? ህንድ ሄዱ?»

«ሰዓት እላፊ ነው የለወጣቸው» አሉ ጋሼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1966 የመድረክ ጉዟቸውን ትተው ስቱዲዮ ገቡ፤ የጮኸው ሕዝብ የሚጫወቱትን አላሰማቸውም። የእኛዎቹ የተገላቢጦሽ ነው፤ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው ሲደርስ የጭፈራ ቤቱ በር ይዘጋል፣ ታዳሚው እስኪነጋ መውጫ የለውም፣ ባንዱም ማረፊያ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ፣ ከሳምንት ሳምንት አብሮ የሚጫወት ሰው ሳይተያይ መግባባት ይጀምራል። በዚያ ላይ ሸክላው ቀርቶ ካሴት መጣ፤ ካሴት ርካሽ ነው፣ አሳታሚው ይቸኩላል፣ ዘፋኙም ባንዱም አንድ ላይ ገብተው ቀድተው ይወጣሉ። ሙከራ የሚባል ነገር ካለ በዘፋኙ ሂሳብ፣ በሁለት መስመር ግጥም መሃል፣ በአዝማች ክፍተት ውስጥ ነው የሚሞከረው። ለእኔ ይሄ ሲታርን ከህንድ ከማስመጣት ይከብዳል፤ ለቢትልስ ግን ይህን ነገር ማስረዳት አይቻልም።

ልጁ በመጨረሻ አመነ። የጋሼን ፍላሽ ወደ ስልኩ ገለበጠ፤ ለፎልደሩ ስም ማውጣት ሲደርስ ግን ተቸገረ። ሮሃ እንዳይል ግማሹ አይቤክስ ነው፣ አይቤክስ እንዳይል ግማሹ ሮሃ ነው። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ «ጆቫኒ በለው፣ እሱ ከሁሉም አለበት» ብለው ገላገሉት።

ማታ ቤቱ ሲያጫውተው እናቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ይቺ አስቴር አይደለችም እንዴ? ጆቫኒ ብሎ የጻፈባት ማነው?»

በማግስቱ ሳየው ፎልደሩ «አስቴር» ተብሏል።