ስድስት ሚካኤልና አንድ ጳጉሜን

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የአሜሪካ ቪዛ ያገኙ እናት ወሬ ከጀሞ ኃይሌ ጋርመንት ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም። ፓስፖርቱ ከነቪዛው እጃቸው በገባ ዕለት ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከእልልታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ "ስንት ጊዜ ሰጧቸው?" ፓስፖርቱን ገልጦ የሚያነብ የሰፈር አዋቂ አይጠፋም። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ "ሁለት ዓመት!" ይል ነበር። ይህን የሰሙ እናት የሚይዙትን ሽሮና በርበሬ በሁለት ዓመት ልክ ማስላት ይጀምሩ ነበር፤ አየር መንገዱ የሚፈቅደው ግን ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ።

አዋቂው ያነበበው ቀን የቆይታ ቀን አይደለም። ቪዛው "እስከዚህ ቀን ድረስ መጥታችሁ በራችንን አንኳኩ" ነው የሚለው። በሩ ተከፍቶ ስንት ጊዜ መቀመጥ እንደሚቻል የሚወስነው ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት መስኮት ውስጥ የተቀመጠው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሲሆን፣ ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ስድስት ወር ነው። ውሳኔው አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አይ-94 ድሮ ፓስፖርት ውስጥ የሚገባ ትንሽ ካርድ ነበር፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፕላን ለሚገባ መንገደኛ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝ መዝገብ ሆኗል። እናትየው ከነሻንጣው፣ ከነነጠላው፣ ከነጸሎት መጽሐፋቸው ሲወጡ ዋናው ወረቀት አብሯቸው የለም።

ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን አብዛኛውን የጊዜያዊ ጎብኚ ቪዛ ወደ ሦስት ወርና አንድ ጊዜ ብቻ መግቢያ አወረደው። የሰፈሩ አዋቂ ወዲያው ተገልብጦ "ሦስት ወር ብቻ!" ማለት ጀመረ። ድሮ ሁለት ዓመት ብሎ ሲያስጎመጅ ተሳስቶ ነበር፤ አሁን ሦስት ወር ብሎ ሲያስደነግጥም ተሳስቷል። ያው ስድስቱ ወር ዛሬም ኤርፖርት ላይ ሊገኝ ይችላል። የተለወጠው ሌላ ነው። አንዴ ከወጡ በኋላ በዚያው ቪዛ መመለስ ስለሌለ፣ ቆይታን የማራዘም ሐሳብ ልጆችን እንቅልፍ የሚነሳው አሁን ነው። አለዚያ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና እንጦጦ መንገድ ያለው ኤምባሲ፣ ቪዛው ቢከለከልም የማይመለስ 185 ዶላር።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። አንዲት የጀሞ እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ሰኔ 12 ቀን ቨርጂኒያ ገቡ እንበል። ዕለቱ ሚካኤል ነው፤ ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። ስድስት ወር ማለት ስድስት ሚካኤል ነው፤ ስለዚህ የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት እንደሚሳፈሩ ሳይጨነቁ ያሰላሉ። የፈረንጁ መዝገብ ግን ከጁን 19 ተነስቶ ዲሴምበር 18 ላይ ያበቃል፤ ይህም ታኅሣሥ 9 ነው። መሐል ላይ ጳጉሜን ገብታ አምስት ቀን በላች። በሚካኤል የቆጠሩት እናት ሳያውቁት ሦስት ቀን ያሳልፋሉ።

ሦስት ቀን ቀልድ ይመስላል። በአሜሪካ ሕግ ግን ከተፈቀደው ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ያለፈ ሰው ቪዛው ይሰረዛል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ከ180 ቀን በላይ ያሳለፈውን ለሦስት ዓመት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፈውን ለአሥር ዓመት ከበሩ ያርቃል።

ማራዘም የሚፈልግ ቤተሰብ ጊዜው ሳያልፍ አይ-539 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሙ ብሎ ይመክራል፤ በእኚህ እናት አቆጣጠር የጥቅምት ጊዮርጊስ ማግስት መሆኑ ነው። ከመጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው በኢንተርኔት 420፣ በወረቀት 470 ዶላር ሆኗል። "በብር ስንት ነው?" ይላሉ እናትየው፤ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ሙዝ እንኳ አያስገዙም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በፊት 24 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ልጅ ግን ይህን አትናገርም። "ትንሽ ነው እማዬ" ትላለች።

ምክንያቱስ? ምክንያትማ ሞልቷል። የተወለደችው ሴት ከሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀን ነው፤ ወንድ ቢሆን በ40 ይገላገሉ ነበር። አራሷ አሜሪካ ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የምታገኘው ያለ ደመወዝ 12 ሳምንት ነው፤ ያውም መሥሪያ ቤቷ ትልቅ ከሆነ። ቦሌ አካባቢ ኩባንያ ተቀጥራ ቢሆን ኖሮ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፍ ነበር። እዚያ ግን ክርስትናው እንዳለቀ ሥራው ይጠራታል፤ ገንፎውን የሚያገነፋ፣ ሕፃኗን የሚያዝል ሰው ያስፈልጋል።

ቅጹ ግን አንድ ምክንያት አይበቃውም። ለምን መቆየት እንደተፈለገ በጽሑፍ ይጠይቅና፣ ቆይታው ጊዜያዊ ስለመሆኑ፣ ለመመለስ ስለተደረገው ዝግጅት፣ አገር ቤት ያለው መኖሪያ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል። በአንድ ፖስታ ውስጥ "ልቆይ" እና "እመለሳለሁ" ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ማለት ነው።

ልጅ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን ስትጠይቅ እናትየው ዝም ይላሉ። "እኔ መች ልቆይ አልኩ?" ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ ግን ጸሐፊ አይበቃቸውም። "ጻፊ፤ የእድር ወርሃዊ መዋጮዬን የምትከፍልልኝ ጎረቤቴ ራሷ ታማለች በይ። ጻፊ፤ ኮንዶሚኒየሙን የተከራየው ልጅ ቧንቧው ሲያፈስ ዝም ይላል በይ። ለልደት ካልደረስኩ መካኒሳ ያለችው እህቴ ታኮርፋለች፤ እሱንም ጻፊው። እዚህ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ በር የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ቡና ስቆላ ኮርኒሱ ላይ ያለው ነገር ይጮህብኛል በይ።" ልጅቷ የመጨረሻውን ትታ ሌላውን ትጽፋለች። ባትተወው ይሻል ነበር፤ ለመመለስ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይገኛል?

በሌላ አገር ልጅ ያላቸው ጎረቤቶችም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ካናዳ ወላጅን በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀምጥ "ሱፐር ቪዛ" አላት፤ ነገር ግን ቢያንስ 100 ሺህ የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና መድን ይገባ ትላለች። በሸንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ነው፤ እዚያ አራስ ልታርስ የሄደች እናት ሴት ልጅ ከተወለደች ከክርስትናው ማግስት ሻንጣ ታስራለች።

ማመልከቻው በጊዜው ከገባ፣ መልስ እስኪመጣ የሚያልፈው ቀን እንደ ሕገወጥ ቆይታ አይቆጠርም። መልሱ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እናቶች ደግሞ እንደ ፋይል መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። የጀሞዋ እናት የጥምቀት ሰሞን "በቃኝ" ብለው ትኬታቸውን አስቆረጡ።

ደብዳቤው የመጣው እሳቸው ለቡ አካባቢ የእድር ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲያዞሩ ነው። ልጅ በቪዲዮ ደወለች።

"እማዬ፣ አገርሽ እንደምትመለሺ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ብለዋል።"

"አሁን?"

"አሁን።"

እናትየው ስልኩን አዙረው ከአግዳሚ ወንበሩ እስከ እድሩ ጸሐፊ ድረስ ድንኳኑን ሁሉ አሳዩና "በይ ፎቶ አንሺው፤ ማኅተም ካስፈለጋቸውም ሰውየው ይኸው እዚህ ተቀምጧል" አሉ።