ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ እኔ ድካም

የሁለት ልጆች አባት፣ ዘወትር እሑድ ኪዳን አድርሶ ቅዳሴ አስቀድሶ የሚገባ፣ በጎረቤትም ዘንድ በእርጋታው የሚመሰገን ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ አንድ ቀን በፍራንክፈርት አውራ ጎዳና ላይ በአሮጌዋ መኪናዬ ቀኜን ይዤ ስጓዝ አንዲት ቀይ ጎልፍ ጂቲአይ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ አልፋኝ ብትሰወር፣ እስከዚያች ሰዓት የማላውቀው ፍትወት በልቡናዬ አደረ።

ጂቲአይ የሚባለው ዘር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በዚሁ በምኖርበት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በተደረገው የአውቶሞቢል ትርኢት ነው። ፋብሪካው 5,000 ያህል ብቻ ሸጦ ሊያቆም አስቦ ኖሮ፣ ፈላጊው በመቶ ሺሕ ሲቆጠር ተገኘ። ከእኔ በፊት የወደቀው ሰው ይህን ያህል መሆኑን ስሰማ ሕሊናዬ ጥቂት ዐረፈ።

ሰባት ሺሕ ዩሮ ይዤ ሱባኤ ገባሁ። በመጀመሪያ የታየኝ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ነበር። ቱርቦ ሳይኖረው 200 የፈረስ ጉልበት ማውጣቱ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን ይህ ኃይል በምልዓት የሚገለጠው ሞተሩ በደቂቃ 7,400 ጊዜ ሲዞር፣ ይኸውም ባለቤቴ ከጎኔ በሌለችበት ሰዓት ብቻ ነው። ደግሞም በቱርቦ የሚጨመቅ አየር የለውምና፣ ጉልበት ለመጨመር የሞተሩን ሶፍትዌር ቢለውጡለት ትርፉ ኢምንት ነው።

ፎርድ ፎከስ ኤስቲ ግን ሊያስተኝ ምንም አልቀረው። ከቮልቮ የወረሰው ባለ አምስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ሞተር 225 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ድምፁ ማኅሌት የሚመራ መሪጌታ ይመስላል፤ የቤንዚን አጠጣጡም የሠርግ ቤት ጠላ ያስታውሳል። ሻጩ ወጣት ማርሚታውን፣ ቱርቦውንና ሶፍትዌሩን እንደ ለወጠ በኩራት ተረከልኝ፤ መዝገቡን ብገልጥ ግን አንዱም አልሰፈረም። በጀርመን አገር ሞተር ያሻሻለ ሰው እንደ ቱፍ ባለ መርማሪ ድርጅት ፊት ቀርቦ ካላስመረመረና በሰነዱ ካላስገባ፣ መኪናዋ በመንገድ ለመሄድ ያላትን ፈቃድ ታጣለች። በዚያ ላይ የዚያ ሞተር የሲሊንደሮች ግድግዳ ቀጭን በመሆኑ፣ ቱርቦውን ያለ ልክ ላስነፈሰው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማሻሻል የሚሻ ሰው ማንም ያልነካትን ይግዛ፤ የሌላውን ሰው ኀጢአት በዋጋ ገዝቶ ንስሐውን ራሱ መግባት ምን ይሉታል?

የቀረችው የ2006ቷ ጎልፍ ነበረች፤ ባለ ቱርቦ 2.0 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ሶፍትዌር ብቻ ቢለወጥላት ወደ 240 የምትወጣ። እኔ የወንበሩን ጨርቅ ስዳስስ፣ መካኒክ ወዳጄ የቤንዚኑን ፓምፕ ፈትቶ ከሥሩ ከቡና ሲኒ የምታንስ የብረት ኩባያ አወጣና፣

«ወንድሜ፣ ዓይንህን ከጨርቁ አንሣና ይህችን እያት» አለኝ።

ጥቁር መሆን የሚገባው የኩባያዋ ግንባር መካከሉ ተልጦ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። በካምሻፍቱና በፓምፑ መካከል ቆማ የምትፈጋ ይህች ምስኪን ጨርሳ ብትበሳ፣ ካምሻፍቱንም ፓምፑንም ይዛ ትሞታለች። ካምሻፍቱ ግን ገና ደኅና ነበር። ከምሳ ግብዣ ለማይበልጥ ዕቃ ሻጩ 400 ዩሮ ቀነሰልኝ፤ ሲቀንስም ፊቱ የሐዘን ቤት ይመስል ነበር።

ማታ ባለቤቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ፈረስ ምን ሊጭንልህ ነው?» አለችኝ። በዚያ ምሽት መልስ አልነበረኝም።

ለሶፍትዌሩ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ለቺንጋ፣ ለውሃ ፓምፕና ለአራት ጎማ አለቀ። ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድም ከዳር እስከ ዳር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው።