ዋህድን የዳረ ስልክ

ወገኖቼ፣ እንደኔው አንጀታችሁ የበገነ ሁሉ፣ እስቲ ጠጋ በሉና እንተዛዘን። ዘመኑ ከፋ። በጋሪ ቀስ እያልን ስንንሸራሸርባት የነበረችው ሐዋሳ ዛሬ ባጃጅ ወርሷታል፤ ከግራ ይመጣል፣ ከቀኝ ይመጣል፣ አንዳንዱማ ከላይ የወረደ ይመስለኛል። ትናንት ዓሣ አምሮኝ አሞራ ገደል ስወርድ «ኧረ ፈጠን በል፣ በባጃጅ ተቀምጬ ላረጅ ነው?» ብለው ሾፌሩ አልሰማኝም፤ ጆሮውን በሽቦ ወትፎታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እንኳ ድሮ ጨዋ ነበሩ፤ የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው እንደ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የዛሬዎቹ ሊነጥቁኝ ምንም አልቀራቸው።

የክፋቱ ሁሉ አውራ ግን ስልክ ነው። ሰው ያን ጠፍጣፋ ነገር ማሻሸት ከያዘ ወዲህ ንባብ ቀረ። በኛ ጊዜ መጽሐፍ ይከበር ነበር! ተማሪ ቤት ሳለን አንዷን «ጦቢያ» ለሰባት ነበር የምናነባት። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ለቆሎ መጠቅለያ ቀደድናቸው እንጂ።

እናም የልጅ ልጄን ፍቅር ሐይቅ ዳር አስቀምጬ «የድሮ ሰው አስተዋይነቱን ስማ» አልኩና «ጦቢያ»ን አስነበብኩት። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ የታተመው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በኩር። ደራሲው የዘጌ ሰው ነው፤ እንደኛው የሐይቅ ዳር ልጅ።

የመጽሐፉ ሰዎች ግን ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! አባት በጦርነት ተማረከ፤ እሺ። አንድ ለጋስ ነጋዴ በገንዘቡ ደረሰላቸው፤ እሰየው። አባት ወደ ቤቱ ገባ። እዚህ ላይ ጠላ ተጠምቆ ነገሩ አያልቅም? ልጁ ዋህድ ግን «ባለውለታዬን ሳላገኝ» ብሎ እብስ! ባሪያ ፈንጋይ እጅ ወደቀ። አንተ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ ለማለት አገር ይዞራል? መንትያ እህቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ወጣች። በአንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ያለች ወይዘሮ ወንድ መስላት በፍቅር ከነፈች፤ አባትየው ዝም! ምነው ያኔ ስልክ በኖረ! ዋህድ አንዴ «ደህና ነኝ» ብሎ ቢደውል ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀር ነበር።

የመጽሐፉ መጨረሻ ተቀዶ ስለነበር፣ ስንት ዓመት ሙሉ «ያ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን?» እያልኩ ስብሰለሰል ኖሬያለሁ። የልጅ ልጄ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «አባባ፣ አታስብ፤ ንጉሡ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል፤ ዋህድም ወይዘሮዋን» አለኝ። የኔን የዕድሜ ልክ ጭንቀት በአንድ ደቂቃ ዋህድን ድሮ ጨረሰው! ዘመኑ ከፋ ስላችሁ።

እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን «ጦቢያ»ን አስነብቡ። የታሪክን መጨረሻ አስቀድሞ ማውራት ግን ነውር ነው፤ በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።