ስንት ኪሎ ቀነሰ?

ኧረ እስከ መቼ ነው ተዋናይን በሚዛን የምናወዳድረው? አንድ የተወደሰ ድራማ በመጣ ቁጥር ወሬው ያው ነው፦ ዋናው ተዋናይ ስንት ኪሎ ቀነሰ፣ ስንት ወር ተራበ፣ በየትኛው በረዶ ላይ ተንከባለለ። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ «ዘ ሬቨናንት» ላይ ጥሬ የጎሽ ጉበት በላ። ዋኪን ፊኒክስ ለ«ጆከር» ከ20 ኪሎ በላይ ከሳ። ሁለቱም ኦስካር ወሰዱ። ፊልሙን አይቶ የመጣውን ሰው ትወናው እንዴት ነበር ስትሉት ስለ ጉበቱ ይተርክላችኋል።

ፊኒክስ ጎበዝ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ የሚያንገበግበኝ ጉብዝናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ኸር» በተባለው ፊልም፣ አካል ከሌላት ድምፅ ጋር እያወራ ያን ሁሉ ፍቅርና ብቸኝነት በፊቱ ብቻ ተሸክሞታል። ለዚያ ለኦስካር እንኳ አልታጨም። ሽልማቱ የመጣው አጥንቱ ሲቆጠር ነው።

የአንቶኒ ሆፕኪንስ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» የአንድ እንግሊዛዊ ባላባት ቤት የአሽከሮች አለቃ ነው። አባቱ ፎቅ ላይ ሲሞት እሱ ታች እንግዳ ያስተናግዳል። አንድ ምሽት ኤማ ቶምሰን ትጠጋውና ምን እንደሚያነብ ለማየት ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመጽሐፉ ላይ ታላቅቃለች። እሱ አይንቀሳቀስም፤ ዓይኑ ብቻ ፀጉሯ ላይ ይቀራል። ዕድሜ ልኩን ያፈነው ፍቅር፣ አንድ የፍቅር ቃል ሳይወጣው፣ እዚያች ቅጽበት ላይ ይታያል። ፊልሙ ለኦስካር በ8 ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የምርጥ ተዋናዩን ሽልማት ቶም ሀንክስ በ«ፊላደልፊያ» ወሰደ፤ እሱም የሚጫወተውን በሽተኛ ለመምሰል ከስቶ ነበር። ሀንክስን አልነቅፍም፣ አንጀት ይበላል። እኔ ግን የዚያች መጽሐፍ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትንሽ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ቶኒ ሊየንግ በ«ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተሸልሟል።

እኛስ? የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱም ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታላቁን ሽልማት ማግኘቱን ሁላችንም በኩራት እናወራለን። አሮን አረፈ አንበርብርን ሆኖ፣ ተምሮ ተሰብሮ የተመለሰውን ሰው በዝምታው እንዴት እንዳቆመው የሚያወራ ግን ስንቱ ነው? የለመድነው ሌላ ነዋ! ተዋናይዋ ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ ፒያኖው ከላይ ይወርድባታል፣ ካሜራው እንባዋ ላይ ይለጠፋል፣ ከጎናችን የተቀመጠው ሰውም «አቤት ስትተውን!» ይላል። ምኑን አይቶ? እስቲ ሙዚቃውን አጥፉልንና ፊቷን እንየው።