ኤልፍ የገዛ ቃሬዛም ይግዛ

«ብለድ ቦውል ልጀምር ነው፤ ከወገኖቹ ሁሉ ጠንካራው የቱ ነው?»

ጠንካራ መቼ? ሜዳ ሲገባ ነው ወይስ ከአሥር ግጥሚያ በኋላ የተረፉትን ስትቆጥር? ይህን ሳይለይ ቡድን የሚገዛ ሰው ወር ሳይሞላው «ጨዋታው አይረባም» ብሎ ሰሌዳውን ያጥፋል። ጨዋታው ግን ምንም አላደረገውም፤ ገና ሳይጀምር የማይችለውን ኑሮ ለራሱ መርጦ ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ብለድ ቦውል ጀርቪስ ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የነደፈው፣ ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ወስዶ ለኦርክ፣ ለኤልፍ፣ ለድዋርፍና ለሙታን ሰጣቸው። ሜዳው 26 ቤት በ15 ቤት ነው፤ በየወገኑ 11 ተጫዋች ይሰለፋል፤ በእያንዳንዱ አጋማሽ እያንዳንዱ አሰልጣኝ 8 ተራ አለው። ኳሷን ይዞ የባላጋራውን የመጨረሻ መስመር የረገጠ ተችዳውን አገባ። መንገድ ላይ የቆመውን መትቶ መጣል ደግሞ ጥፋት ሳይሆን የጨዋታው እኩሌታ ነው። የወደቀው ይደነዝዛል፣ ራሱን ይስታል፣ ይጎዳል፣ ይሞታል። በሊግ የሞተ ተጫዋች በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም። ራስህ የገዛኸው፣ ራስህ ስም ያወጣህለት ቢሆንም አይመለስም።

ለአዲስ አሰልጣኝ 1,000,000 ወርቅ ይሰጠዋል፤ ከ20 በላይ ወገኖች ከፊቱ ተደርድረዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ወገን የሚመረጠው በሚያሸንፍበት መንገድ አይደለም፤ በሚሸነፍበት መንገድ ነው። ጀማሪ ይሸነፋል፣ ደጋግሞ ይሸነፋል። ከየትኛው ሽንፈት ተነስቶ «ቆይ፣ በሚቀጥለው እንዲህ ባደርግስ?» እንደሚል ያወቀ ሰው ወገኑን አገኘ።

«እኔ መሸነፍ አልወድም። የጫካ ኤልፍ እይዛለሁ፤ ማንም አይደርስበትም።»

አይደርስበትም፣ እስኪደርስበት ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ደንብ እንቁጠረው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎችና ቁጥሮችም በዚሁ ደንብ ናቸው። ወርዳንሰር የሚባሉት ሁለቱ ዘላዮች እያንዳንዳቸው 125,000 ወርቅ ናቸው። ተራው ላይንማን 70,000 ነው። ሁለት ወርዳንሰርና ዘጠኝ ላይንማን ስትገዛ 880,000 ወጣ። ሁለት ሪሮል፣ ማለትም ያበላሸኸውን ዳይስ ዳግም የምትወረውርበትን ዕድል፣ ስትጨምር 980,000 ሆነ። ተጠባባቂህ የታለ? የለም። ሐኪምህስ? እሱ 50,000 ነው፤ ኪስህ ውስጥ 20,000 ቀርቷል። እንግዲህ አንድ ኤልፍ በወደቀ ቁጥር ጥሩሩ የመሰበር ዕድሉ ከ36 15 ነው፤ የኦርኩ ከ36 6 ብቻ ነው። ጎረቤትህ ኦርክ ይዞ ሲመጣና ከመጀመሪያው ተራ ጀምሮ ልጆችህን አንድ በአንድ ሲያነጥፋቸው፣ በሁለተኛው አጋማሽ ሰባት ሆነህ ትሰለፋለህ። ሰባት ኤልፍም ያገባል፤ አልክድም። ውብ ነው ስልህ ከልቤ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ካየሁት ሁሉ ወርዳንሰር ከመሃል ዘሎ፣ ኳሷን ነጥቆ፣ በሁለት ተራ መስመሩን ሲረግጥ የሚያህል ደስታ አላየሁም። ግን 3 ለ 2 አሸንፈህ ሁለት ቀብረህ ወደ ቤት መሄድ የሚያንገበግብህ ከሆነ ኤልፍ ያንተ አይደለም።

«ውድድር ላይ ግን ኤልፍ ዋንጫ ይበላል!»

ይበላል፤ ምክንያቱም በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚያልቁት ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ ከየግጥሚያው በኋላ ሁሉንም ቡድን እንደ አዲስ ያስነሳሉ። ሟቹም በሚቀጥለው ሰዓት ቆሞ ይጫወታል። እዚያ ኤልፍ ያዝ፤ እኔም እይዛለሁ። በሳምንት አንዴ ተገናኝቶ ወራት በሚፈጅ ሊግ ውስጥ ግን ቁስሉም መቃብሩም አብሮህ ይከርማል። ሰው ምክር ሲሰጥህ መጀመሪያ የቱን እንደሚጫወት ጠይቀው፤ የአንዱ ምክር በሌላው ላይ መርዝ ነው።

«ድዋርፍማ ቀርፋፋ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ነው?»

አልልህም። እንቁላሉ ሰዓት አልተቆጠረበትም፤ ድዋርፉ 8 ተራ ነው ያለው። ተረቱን ትተን እናባዛ። በአንድ ተራ 4 ቤት፣ በ8 ተራ 32 ቤት። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 26 ነው። ማን ነው አይደርስም ያለው? ድዋርፍ የያዘ ሰው እንዲያውም ቶሎ መድረስ አይፈልግም። ኳስ የያዘውን መሃል አድርጎ በአራቱ ማዕዘን አራት ጢማሞች ያቆማል፤ ኬጅ የሚባለውን ይህን አጥር እየገፋ ይሄድና በስምንተኛው ተራ ያገባል። ባላጋራው የሚመልስበት አንድ ተራ ብቻ ይቀረዋል። ሌላው ደግሞ ብሎክ የሚባለው ችሎታ ነው። በዚህ ጨዋታ መቺው ራሱ ከወደቀ የቡድኑ ተራ እዚያው ላይ ያበቃል። ብሎክ የሌለው ተጫዋች በአንድ ዳይስ ሲመታ ከስድስቱ ፊት ሁለቱ ይጥሉታል፤ ያለው ግን በአንዱ ብቻ ይወድቃል። በሁለት ዳይስ እየመረጠ ሲመታ የመጀመሪያው ከ36 አራት ጊዜ፣ ሁለተኛው ከ36 አንድ ጊዜ ይወድቃል። የሌላው ወገን ተራ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ችሎታ በላብ ሲገዛ የድዋርፉ ከመጀመሪያው ቀን ይዞት ይመጣል።

ድዋርፍ የሚሸነፈው በሰዓት ነው። ከተጣለ ለመነሳት ብቻ ከ4 እርምጃው 3ቱን ይከፍላል። ኳሷ ከእጁ አምልጣ ሜዳው ማዶ ከደረሰች ሮጦ አይደርስባትም። ተሸንፎ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሥራ አንዱም ቆመው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ሆኖ ይመጣል።

«ያሰለቻል!»

ማንን? ስምንት ተራ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት አሰልጣኙ ነው፤ አንድ ቤት ተሳስቶ ኬጁን ክፍት ከተወ የሚቀጣው እሱ ነው። ማሰብ ያሰለቸው ሰው ስኬቨን ይያዝ፤ የአይጦቹ ጋተር ራነር በአንድ ተራ 9 ቤት ይበራል። እዚያም ቢሆን ማሰብ ይጠበቅበታል፤ ልዩነቱ ቶሎ ቶሎ መሆኑ ነው።

«ለጀማሪ የሰው ቡድን ይሻላል ይላሉ። ሰው ሁሉን ይችላል።»

ሁሉን ይችላል፣ በምንም አይበልጥም። ይህ ምክር ከልብ ያበሳጨኛል። ሰው ይዞ የተሸነፈ ጀማሪ ለምን እንደተሸነፈ አያውቅም። መምታት ነበረበት ወይስ መሮጥ? መወርወር ነበረበት ወይስ መጠበቅ? ሁሉም ተፈቅዶለት ስለነበር የቱ እንደጎዳው አይለይም። አጠገቡ ደግሞ ኦርክ አለ። የሰው ላይንማን 50,000፣ የኦርክም 50,000። የሰው ጥሩር ከ36 10 ጊዜ ይሰበራል፣ የኦርክ 6 ጊዜ። ለዚያ የሚከፈለው ዋጋ በየተራው አንድ ቤት ማነስ ነው፤ ሰው 6 ሲሄድ ኦርክ 5 ይሄዳል። ጀማሪ ስህተቱን የሚሸከምለት ቡድን ነው የሚያስፈልገው። ኦርክ ይሸከማል። የሚሸነፈውም በግልጽ ነው፤ ፈጣኑ በጎን ዞሮ ያልፈዋል፤ አንተም ቁጭ ብለህ የቱን በር ክፍት እንደተውክ በጣትህ ታሳያለህ። ከዚያ ትምህርት በኋላ ሰውን ያዘው፤ ያኔ ሰው ጥሩ ቡድን ነው።

«ተጫዋቼ ሲሞትብኝ አልችልም።»

ቀብር የማይችል ሙታንን ይያዝ፣ እህቴ። እየቀለድኩ አይደለም። ዞምቢው 40,000 ነው፤ ክፉኛ ተጎድቶ ሲወጣ ዳይስ ይወረወርለታል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ድኖ ይመለሳል። ሐኪም የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም። ማሚዎቹ ጉልበታቸው 5 ነው፤ የሰው 3 ነው። እንዲያውም ከባላጋራሽ የሞተው ዞምቢ ሆኖ ላንቺ ሊሰለፍ ይችላል።

ጋሼ አንድ ቀን ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ሌላ ጨዋታ አጣችሁ? በመግደል ይጫወታሉ እንዴ?»

ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት፤ ይህን ጨዋታ የወደድኩት ሞት ስላለበት ነው። በቼዝ ፈረሱን ቢሰዉት በሚቀጥለው ጨዋታ ያው ፈረስ ቦታው ላይ ቆሞ ያገኙታል። እዚህ ግን አይገኝም። ስለዚህ 2 ለ 0 እየመራሁ ሦስተኛ ለማግባት ምርጡን ልጄን ከሦስት ኦርክ መካከል ልስደደው ወይስ ልተወው ብዬ እጄ ዳይሱ ላይ ይቆማል። ጨካኝ የሚመስለው ጨዋታ ነው ለአንዲት የፕላስቲክ ምስል እንድሳሳ ያስተማረኝ። ለሚጠፋ ነገር ካልሳሱ ምርጫ ምኑ ላይ ነው?

«ሃፍሊንግ የሚይዝ ሰው ሊያሸንፍ አይመጣም፤ ሊያስቅ ነው።»

እዚህ ላይ እጣላለሁ። ሃፍሊንግ ደካማ ነው፤ የ2020 ደንብ ራሱ ከጎብሊን፣ ከኦገርና ከስኖትሊንግ ጋር በሦስተኛው እርከን አስቀምጦታል። ጉልበቱ 2 ነው፣ ጥሩሩ ከ36 21 ጊዜ ይሰበራል፣ ዋጋው 30,000 ነው። ይህ የነዳፊ ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ለሚደፍር ሰው የተተወ በር ነው። በሩ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ እዩ። ለሌላው ወገን በ300,000 የሚቀጠረው ሼፍ ለሃፍሊንግ በ100,000 ይመጣል። በየአጋማሹ መጀመሪያ ሦስት ዳይስ ይወረወራል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ባመጣ ቁጥር ከባላጋራው አንድ ሪሮል ተነጥቆ ለሃፍሊንጎቹ ይሰጣል። ሪሮል የሌለው ኦርክ ከባድ ክንዱን ይዞ በመጀመሪያዋ ክፉ ዳይስ ተራውን ያጣል። ከዚያ ትሪማን የሚባሉ ሁለት ሕያው ዛፎች አሉ፤ ጉልበታቸው 6፣ ጥሩራቸው ከ36 ሦስት ጊዜ ብቻ የሚሰበር። አንዱ ትሪማን ኳስ የያዘውን ሃፍሊንግ አንስቶ ከተከላካዮቹ ራስ በላይ ይወረውረዋል። ልጁ በእግሩ ከቆመና እርምጃ ከቀረው ሮጦ ያገባል። አንዳንዴ በራሱ ላይ ወርዶ ያልቃል። ሁለቱን ቡድኖች በዋጋ ስታነጻጽር ልዩነቱ ለደካማው በጉርሻ ስለሚሰጥ፣ ሃፍሊንግ ትልቅ ቡድን በገጠመ ቁጥር ሼፉን፣ ሐኪሙን፣ አንዳንዴም ዝነኛ ተከራይ ተጫዋች ይዞ ይመጣል።

የሚሸነፈው በአንድ ጊዜ፣ በጅምላ ነው። አንድ ወቅት ሙሉ ከሃፍሊንግ ጋር የቆየ አሰልጣኝ ግን ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ፣ የቱ ዳይስ ያስፈልጋል፣ የቱ አያስፈልግም የሚለውን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሌላው በጉልበት የሸፈነውን እሱ በቅደም ተከተል ብቻ ማካካስ ነበረበትና። ለመጀመሪያ ቡድን አልመክረውም። ለሁለተኛ እመክራለሁ፤ የሚስቅበትን ሰው ደግሞ አንድ ወቅት ሞክረው እለዋለሁ።

«እኔ ለመስበር ነው የመጣሁት፤ ኬኦስ እይዛለሁ።»

ስበር፤ ግን መቼ? ቾዝን የሚባሉት ጡንቸኞች 100,000 ወርቅ እየተከፈለባቸው ብሎክ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት። በ2020 ደንብ የፈለግኸውን ዋና ችሎታ ለመጀመሪያ ጊዜ መርጠህ ለመግዛት 6 ነጥብ ያስፈልጋል። የጎዳ 2 ያገኛል፣ ያገባ 3 ያገኛል። እንግዲህ አንዱ ልጅህ ሦስት ሰው እስኪሰብር ድረስ አንተ መጀመሪያ ትሰበራለህ። ያን ጊዜ የሚታገስ ሰው ከወራት በኋላ ሁሉም የሚፈራው ቡድን ይኖረዋል። የማይታገስ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ይጠፋል፤ ሊጉም ሰው ያጣል።

«ሦስቴ ተሸነፍኩ። ልቀይር?»

እንዴት እንደተሸነፍክ ንገረኝ። ሦስቴም ሰዓት አልቆብህ ከሆነና ያ ከበላህ፣ ድዋርፉን ተውና ስኬቨን ያዝ። ሦስቴም ሰው አልቆብህ ከሆነ ኤልፉን ተውና ኦርክ ግባ። ሦስቴም ዳይሱን እየረገምክ ከወጣህ ግን ቡድኑን አትንካ። ከባላጋራ ጎን አፈትልኮ ማምለጥ ለኤልፍ እንኳ ከስድስት አምስት ነው፤ ሦስቴ ተከታትሎ ከሞከርከው ከ216 የሚሳካው 125ቱ ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ሦስቱንም የተራህ መጀመሪያ ላይ ነው የምትሞክረው። ነገ ስትመጣ አስቀድመህ ዳይስ የማይጠይቁትን እርምጃዎች ሁሉ ጨርስ፣ ቀጥለህ በሁለት ዳይስ የምትመታቸውን ምታ፣ ማፈትለኩንና ቅብብሉን ወደ መጨረሻ አድርገው፤ ከዚያ አራተኛውን ግጥሚያ ተጫወትና ያኔ እንነጋገር።