ለበዓሉ ኮሚሽን የጭላዳ ድጋፍ

ደብዳቤው የደረሰኝ ገብሴን ከጭላዳ ልጠብቅ ስወጣ ነው። ክብ ማኅተም፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ «ጉዳዩ፦ ድጋፍ ስለመጠየቅ»። አገር አቀፍ በዓል ሊከበር ነውና የበዓሉ ኮሚሽን የአካባቢያችን ድጋፍ ይገባው እንደሆነ ቅዳሜ እንድንወያይ ተጠርተናል። ውይይቱ ቅዳሜ ቢሆንም ውሳኔው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ከወዲሁ ታትሟል፤ «ይገባዋል» ብለናል። ድካማችንን አስበው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።

እኔ ተቃዋሚ አይደለሁም። እንዲያውም ኮሚሽን ባይኖር ዓመት እንዴት ይሞላ እንደነበር ይጨንቀኛል። አደይ አበባ ያለ ንዑስ ኮሚቴ ትፈነዳለች? መስከረም ያለ ቃለ ጉባኤ ይጠባል?

ደግሞም ኮሚሽኖቻችን ያላደረጉልን የለም። የ1948ቱ የንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ አንድ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትና አንድ ቤተ መንግሥት አትርፎልን አልፏል፤ ቤተ መንግሥቱ አዲስ አበባ ቀረ እንጂ። በ2000 ሚሊኒየም ደግሞ ቦሌ ላይ የሼህ መሐመድ አል አሙዲ አዳራሽ ተሠራ፣ ብላክ አይድ ፒስ የሚባሉ ዘፋኞች ከአሜሪካ መጡ። ስማቸው ወደ አማርኛ ሲመለስ ጥቁር ዓይን አተር መሆኑን ለአክስቴ ብነግራት «ለክክ ነው ለዘር?» አለችኝ። እያንዳንዱ ዜጋ ሁለት ዛፍ ይትከል ተብሎም ነበር። ተክያለሁ። አንዱን በግ በላው፤ ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ስለነበር አጣና ሆኗል፤ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ1977ቱ ነው። ያኔ ሁለት ኮሚሽን ነበረን። አንዱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነው፤ በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ እየተመራ በመጋቢት 1976 ለጋሾችን ሰብስቦ ረሃብ እየመጣ ነው፣ እህል ስጡን ብሎ ነበር። ሌላው በታኅሣሥ 1972 የተቋቋመው የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ፣ በጳጉሜ ፓርቲ ሊሆን ሽር ጉድ ላይ ነበር። መስከረም 2 ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ከሰሜን ኮሪያ ድረስ ባለሙያ መጣ፤ የትግላችን ሐውልት ቆመ፤ አዲስ አበባ በቅስትና በመፈክር አሸበረቀች። በጥቅምት ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን አየ። ድርቁ ሰሜን ሸዋንም ነክቶ ነበር። ሰው እየሞተ ቅስት ይቀባ ነበር። ይህን አሽሟጥጬ ልጽፈው ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ በየበዓሉ ወደሚታደለው ቲሸርት ልለፍ።

ውርጭ ገብስ በሚያቃጥልበት፣ ሰው ባና ደርቦ በሚውልበት የመንዝ ደጋ እጀ ጉርድ ቲሸርት ማደል ትልቅ ራእይ ይጠይቃል። ባናውን አውልቆ የሚለብሰው ጀግና ስላልተገኘ ከባናው በላይ ይጠለቃል። ደረት ላይ ያለው «እንኳን አደረሰን» ተለጥጦ ተለጥጦ «እንኳን» በአንዱ ብብት፣ «አደረሰን» በሌላው ብብት ገብቶ ይቀራል። እኔ ባለፈው በዓል የደረሰኝን ለብሼው አላውቅም። ያንን የሚሊኒየም አጣና ለሁለት ቆርጬ አመሳቀልኩና ገብሱ መሃል ተከልኩት፤ ቲሸርቱን አለበስኩት፣ አብሮት የታደለውን ኮፍያ ደፋሁለት።

ከዚያ ወዲህ በእኛ በዘመሮ እንደሱ ያለ የበዓል ደጋፊ አላየሁም። እጁን ዘርግቶ ይውላል፣ ዘርግቶ ያድራል። ካፊያ ሲጥል ወደ ጠላ ቤት አይሮጥም። አበል አይጠይቅም። ንግግሩ ሲረዝም ሰዓቱን አያይም። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ዝም ይላል። ኮሚሽን ከሕዝብ የሚፈልገው ይኸው ከሆነ እኔ በሁለት ቁራጭ እንጨት አሟልቼዋለሁ።

ለጭላዳም ተርፏል። እህሉ ሲያሽት መጀመሪያ ፈሩት፤ በሳምንቱ ለመዱት፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አውራ ጭላዳ ወጥቶበት እጅጌውን ገንጥሎ አንገቱ ላይ አጠለቀና ወደ ገደሉ ወረደ። የበዓሉ ተሳታፊ የሚቆጠረው በታደለ ቲሸርት ልክ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዲህ በእኔ አንድ ቲሸርት እኔ፣ እንጨቱና አውራው ሦስት ሆነናል። አውራው ደግሞ ሚስቶች አሉት፣ ልጆችም አሉት፤ ቤተሰቡን ይዞ የሚሰለፈው እሱ ብቻ ነው። ከጎረቤት መንጋ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ሲገናኙ መቶም ሁለት መቶም ሆነው ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ በአዳራሽ አይቼ አላውቅም። ምሳ አያሳስባቸውም፣ የተቀመጡበትን ሣር እየነጩ ይበላሉ። አርማ ማተምም አያስፈልግም፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ፈጣሪ አትሞላቸዋል። ሲቆጡ የላይኛውን ከንፈር ገልብጠው ድዳቸውን ያሳያሉ፤ ከሩቅ በካሜራ ሲታይ ፈገግታ ነው። «የአካባቢው ነዋሪ ደስታውን ሲገልጽ» ተብሎ በዜና ቢወጣ ማን ይከራከራል? የሚቀጥለው ኮሚሽን ወደ ዘመሮ ከመምጣቱ በፊት ገደሉን ይጎብኝ። ሕዝቡ እዚያ ነው፤ ለዚያውም ሳይጠራ የተሰበሰበ።

ቅዳሜ ሄድኩ። መፈክሩ ተሰቅሏል፣ የፕላስቲክ አበባ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ማይኩ ይጮኻል። ውይይቱ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ ያለፈው ጊዜ ያዋጣነው ምን ደረሰ?»

«አባባ፣ እሱ በሌላ መድረክ የሚታይ ነው።»

«መድረኩ የት ነው? በእግሬ እደርስበታለሁ።»

ተሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፣ እንደቆሙ ነው። እኔ በተቀመጥኩባቸው ሰባት ስብሰባዎች አንድም ቀን ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል ተብሎ ሲነበብ አልሰማሁም። ደረሰኝ ስጡን! ሌላ ምንም አልጠየቅንም። ይህን «ድጋፍ» የሚሉትን ነገር ልመና እንዳልለው ለማኝ «እግዜር ይስጥህ» ሲሉት ያልፋል፤ ይህኛው ስምህን ጽፎ ይሄዳል፣ ወር ሳይሞላ ደመወዝህ ላይ ታገኘዋለህ።

አዝናለሁ፣ ከሽሙጡ ወጣሁ። ሰው ነኝ፣ እንጨት አይደለሁም።

ስለ በዓል ካነሣን፣ ከእኛ ብዙ የማይርቀው የጓሳ ሣር ምድርም ትዝ አለኝ። እዚያ ቀሮ የሚሉት ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ይጠብቅ ነበር። መንዜው አለቃውን መርጦ ጓሳውን ይዘጋው ነበር፤ አንዳንዴ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በድርቅ በጋ ተከፍቶ ለቤት ክዳን ይታጨድ፣ ከብት ይገባበት ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እስኪፈርስ ድረስ ወደ 300 ዓመት ግድም መሆኑ ነው። ታዲያ 100ኛው፣ 200ኛው፣ 300ኛው ዓመት ሳይከበር አለፈ። ምስኪኖች! ሣሩን ሲጠብቁ ቲሸርት ማሳተሙን ረሱት።

ስብሰባው ሊበተን ሲል የቃል መግቢያ ቅጽ ታደለ። ስም፣ የድጋፍ ዓይነት፣ ፊርማ። «በገንዘብ»፣ «በእህል»፣ «በሰው ኃይል» ይላል። «በሰው ኃይል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና «አንድ፤ ቀንና ሌሊት የሚቆም፣ የራሱ ቲሸርት ያለው» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን የሰበሰበው ልጅ አንብቦ አመሰገነኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ጠፍቶባቸው ነበር።

ትናንት ማታ ደወለ። የእንጨቱን ስልክ ቁጥር ይፈልጋል።